ነዳጅ በል ባክቴሪያዎችና የኦክስጅን ጉዳይ፦ ከደልፍት ቤተ ሙከራ እስከ ቤሚጂ አሸዋ

ድፍድፍ ነዳጅ በባሕር ወይም በአፈር ላይ ሲፈስ፣ ወደ አየር ከሚተነውና ሰዎች ቀድተው ከሚያነሡት የተረፈውን ቀስ በቀስ የሚያፈርሱት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች መሆናቸው ዛሬ የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። ወደዚህ ግንዛቤ ለመድረስ ግን መቶ ዓመት ገደማ የፈጀ ሲሆን፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የተመራማሪዎችም ሆነ የኩባንያዎች ትኩረት በአብዛኛው ያረፈው ነዳጅ የሚበላው ባክቴሪያ የትኛው ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር። በኋላ እንደታየው፣ ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች የማይገኙበት አፈርም ሆነ ባሕር ከሞላ ጎደል የለም፤ የፈሰሰው ነዳጅ በሳምንታት ይጥፋ ወይስ ለአሥርተ ዓመታት ይቆይ የሚለውን በአመዛኙ የሚወስነው፣ ባክቴሪያዎቹ በተገኙበት ስፍራ የሚተነፍሱት ነገር ማግኘት አለማግኘታቸው ነው። የዚህ ዘርፍ ታሪክም፣ የሰው ትኩረት ከበላተኛው ማንነት ተነሥቶ ወደ እስትንፋሱ ምንጭ የዞረበት ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታሪኩን ለመከተል በቅድሚያ ሁለት ነጥቦችን ማብራራት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የነዳጁ ጠባይ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ አንድ ወጥ ፈሳሽ ሳይሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ውሁዶች ድብልቅ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ውሁዶች ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው ሃይድሮካርቦን ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል አልኬን የሚባሉት ካርቦኖቻቸው ተቀጣጥለው በረጅሙ የተዘረጉ ሲሆኑ፣ አሮማቲክ የሚባሉት ደግሞ ስድስት ካርቦኖች ቀለበት ሠርተው የተያያዙባቸው ናቸው፤ በከርሰ ምድር ውሃ ብክለት ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ቤንዝንና ቶሉዊን የሚመደቡት ከእነዚህ ቀለበታማ ውሁዶች ነው። ሁለተኛው ነጥብ የባክቴሪያዎቹ አተነፋፈስ ነው። አንድ ሕያው ፍጡር ሲተነፍስ ከምግቡ ኤሌክትሮኖችን ነጥቆ በሌላ ንጥረ ነገር ላይ ያሳርፋቸዋል፤ በዚህ ሽግግርም የሚኖርበትን ኃይል ያገኛል። ኤሌክትሮኖቹ የሚያርፉበት ንጥረ ነገር ኤሌክትሮን ተቀባይ ይባላል። ሰውና እንስሳት ለዚህ ተግባር በኦክስጅን ላይ ጥገኛ ሲሆኑ፣ ከባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ኦክስጅን በሌለበት በናይትሬት፣ በማንጋኒዝ፣ በዝገት መልክ በሚገኝ ብረት ወይም በሰልፌት መተንፈስ ይችላሉ። ከእነዚህ ተቀባዮች ከፍተኛውን ኃይል የሚያስገኘው ኦክስጅን ነው፤ የተቀሩት ከላይ በተዘረዘሩበት ቅደም ተከተል የሚያስገኙት ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል።

የመጀመሪያዎቹ ምልከታዎች

ሃይድሮካርቦን ለረቂቅ ተሕዋስያን ምግብ ሊሆን እንደሚችል ከሚያመለክቱት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ በ1895 ከጃፓናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ከማናቡ ሚዮሺ የተገኘ ሲሆን፣ እርሱ ያጠናው ግን ባክቴሪያን ሳይሆን ቦትራይቲስ የተባለ ሻጋታ የፓራፊን ሰምን ዘልቆ መግባቱን ነበር። ጉዳዩን በጽኑ መሠረት ላይ ያቆመው በኔዘርላንድስ የደልፍት ከተማ፣ በታዋቂው የረቂቅ ተሕዋስያን ሊቅ በማርቲኑስ ቤይሪንክ ሥር የተማረው ኒኮላስ ሶንገን ነው። ሶንገን በ1906 ሚቴን የተባለውን፣ ከረግረጋማ ስፍራ እየተንፎለፎለ የሚወጣውን ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ብቸኛ ምግባቸው አድርገው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን አሳየ፤ በ1913 ደግሞ የመኪና ቤንዚን፣ ላምባና ፓራፊን ለተለያዩ ባክቴሪያዎች የካርቦንና የኃይል ምንጭ ሆነው እንደሚያገለግሉ የሚያስረዳ ጥናት አወጣ። የሶንገን ባክቴሪያዎች ሁሉ ግን ከጋዙ ወይም ከዘይቱ ጋር አየር እንዲቀርብላቸው ይፈልጉ ስለነበር፣ የነዳጅ መፍረስና ኦክስጅን የማይነጣጠሉ ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ከዘርፉ ልደት ጀምሮ አብሮ ተተክሏል።

በዚህ አስተሳሰብ ላይ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ያሳደረው ከነዳጅ ጉድጓድ የወጣ የሚገማ ውሃ ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ሊቅ የነበረው ኤድሰን ባስቲን፣ ከምድር በታች ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣው ውሃ የሰልፌት መጠኑ እጅግ አነስተኛ፣ በአንጻሩ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የበዛበት ሊሆን የቻለው ለምን እንደሆነ ሲመረምር፣ በ1926 ከውሃው ውስጥ በሰልፌት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎችን አገኘ። ባክቴሪያዎቹ ሰልፌቱን ወደ ሰልፋይድ እየለወጡ ያለ ኦክስጅን እንደሚኖሩ ግልጽ ቢሆንም፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚመገቡት ነዳጁን ራሱን ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለው ጥያቄ ከ60 ዓመታት በላይ ሳይፈታ ቆየ።

የተበታተነውን ዕውቀት ያሰባሰበው በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ባልደረባ የነበረው ክሎድ ዞቤል ነው። ዞቤል በ1946 ባሳተመው ሰፊ የዳሰሳ ጽሑፍ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሃይድሮካርቦን መብላታቸው የተመዘገበላቸውን ወደ 100 የሚጠጉ የባክቴሪያ፣ የእርሾና የሻጋታ ዝርያዎች በአንድነት አቀረበ፤ እነዚህም ተሕዋስያን በነዳጅ ማውጫዎች አካባቢ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም አፈርና ባሕር ተሰራጭተው እንደሚገኙ አስረዳ። ይህ ድምዳሜ በጊዜው በቂ ትኩረት ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው «ትክክለኛውን ባክቴሪያ» የመፈለግ ጥድፊያ ምን ያህል ትርፍ እንደነበረ አስቀድሞ ሊታይ ይችል ነበር።

የኦክስጅን ዘመን

በ1955 ኦሳሙ ሃያይሺ በአሜሪካ፣ ከእርሱም ተለይቶ ሃዋርድ ሜሰን፣ ኦክስጅን በሕይወት ውስጥ ያለው ሚና ከኤሌክትሮን ተቀባይነት የሰፋ መሆኑን አረጋገጡ። ሃያይሺ በክብደቱ ከተለመደው የሚለይ፣ ስለዚህም ዱካውን ለመከተል የሚያስችል ኦክስጅን ተጠቅሞ፣ ኦክሲጅኔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች የአየሩን ኦክስጅን በቀጥታ በውሁዱ ውስጥ እንደሚተክሉት አሳየ። ሃይድሮካርቦን በባሕርዩ ለኬሚካዊ ለውጥ እምቢተኛ በመሆኑ፣ ነዳጅ በል ባክቴሪያዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት በእነዚህ ኢንዛይሞች አማካይነት የኦክስጅን አተም ሰክተው ውሁዱን ወደ አልኮል መሰል ነገር በመለወጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንደ ማንኛውም ስብ መፈጨት የቀለለ ይሆናል። ስለዚህም ኦክስጅን መተንፈሻም መቁረጫ መሣሪያም ሆኖ ስለተገኘ፣ እርሱ በሌለበት ሃይድሮካርቦን አይነካም የሚለው እምነት የኢንዛይም ሳይንስ ድጋፍ ያገኘ መሰለ።

እምነቱ ከሞላ ጎደል በተግባርም የሚያስኬድ ነበር፤ ምክንያቱም የነዳጅ የኦክስጅን ፍላጎት እጅግ ከፍተኛ ነው። አንድ ግራም ሃይድሮካርቦን ሙሉ በሙሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውሃ ለመለወጥ ሦስት ግራም ተኩል የሚጠጋ ኦክስጅን ይጠይቃል፤ በአንጻሩ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ከአየር ተቀብሎ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ስምንት ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ስሌቱ ሲሠራ፣ አንድ ሊትር ዘይት ሙሉ በሙሉ ይፍረስ ቢባል ከ300,000 ሊትር በላይ የባሕር ውሃ የያዘውን ኦክስጅን ይጨርሳል ማለት ነው። ማዕበል በሚንጠው ሰፊ ባሕር ላይ ይህ ዕዳ ከአየር ያለማቋረጥ ይከፈላል፤ ውሃ በዝግታ በሚጓዝበት ከርሰ ምድር ወይም በደቃቅ ደለል ውስጥ ግን የነበረው ኦክስጅን በቶሎ ያልቅና የሚተካው እጅግ ጥቂት ይሆናል።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የመንግሥታት ራስ ምታት የሆነው የነዳጅ ጫኝ መርከቦች እየገዘፉ ሲመጡ ነው። በመጋቢት 1967 ቶሪ ካንየን የተባለችው መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራባዊ ጠረፍ ከአለት ጋር ተጋጭታ ከ100,000 ቶን በላይ የሚሆን ጭነቷን ስታጣ፣ ዘይቱን ለመበተን በባሕሩና በዳርቻው ላይ የተረጨው መርዛማ ማጽጃ ከዘይቱ የከፋ ጉዳት በባሕር ፍጥረታት ላይ አደረሰ። ይህ ኪሣራ ተፈጥሮ በራሷ መንገድ የምታካሂደውን ማጽዳት ማገዝ ይሻላል ለሚለው ሐሳብ በር ከፈተ። በዚሁ መንፈስ የሳን ኦይል ኩባንያ ተመራማሪ ሪቻርድ ሬይመንድና ባልደረቦቹ በ1972 በፔንሲልቬንያ ግዛት አምብለር በተባለች ከተማ ከቧንቧ አምልጦ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የገባውን ቤንዚን ለማጽዳት አዲስ ባክቴሪያ አላመጡም፤ በጉድጓዶች በኩል አየርና የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ምግብ እያስገቡ በስፍራው የነበሩትን ባክቴሪያዎች አበረቱ። የባለቤትነት መብቱ በ1974 የተመዘገበው ይህ ዘዴ፣ ብክለትን በያለበት በተሕዋስያን ማከም ለሚባለው ሙያ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው።

የሕዝቡን ቀልብ የሳበው ግን ሌላ ሥራ ነበር። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የሕንድ ተወላጁ አናንዳ ቻክራባርቲ፣ የተለያዩ ሃይድሮካርቦኖችን የማፍረስ ችሎታ የተጻፈባቸውን ፕላዝሚድ የተባሉ ትናንሽ የዘረመል ክቦች በአንድ የሱዶሞናስ ባክቴሪያ ውስጥ በማሰባሰብ ብዙ ዓይነት ሃይድሮካርቦን የሚበላ ባክቴሪያ አዘጋጀና በ1972 የፈጠራ ባለቤትነት ጠየቀ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ሰኔ 16 ቀን 1980 ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ በሰው ጥበብ የተሠራ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ የባለቤትነት መብት ሊሰጥበት ይችላል ሲል ወሰነ። ውሳኔው ለመላው የባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ በር የከፈተ ሲሆን፣ ባክቴሪያው ራሱ ግን የፈሰሰ ነዳጅ ለማጽዳት ሥራ ላይ አልዋለም። በቤተ ሙከራ ምቾት ያደገ ፍጡር ከስፍራው ነባር ባክቴሪያዎች ጋር ተፎካክሮ ለመኖር እንደሚቸገር፣ ቢኖርም እንኳ አየርና ማዳበሪያ በሌለበት ከነባሮቹ የተሻለ ሊሠራ እንደማይችል ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ የመስክ ሙከራዎች አመልክተዋል።

ይህ በገሃድ የታየው በአላስካ ነው። መጋቢት 24 ቀን 1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በፕሪንስ ዊልያም ወሽመጥ ብላይ ከተባለው የባሕር ውስጥ አለት ጋር ተጋጭታ ወደ 41 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። የባሕሩ ዳርቻ በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ሙቅ ውሃ ሲታጠብ በአለቱ ላይ የነበሩት ነዋሪ ፍጥረታት አብረው ስለተጎዱ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከኩባንያውና ከግዛቱ ጋር ሆኖ ማዳበሪያን መሞከር ጀመረ። ኢኒፖል የተባለው ዝግጅት ገበሬ ለማሳው የሚጠቀምበትን ዩሪያ ከዘይት ጋር እንዲጣበቅ ተደርጎ የያዘ ነበር፤ ከእርሱ ጋር ቀስ እያለ የሚሟሟ ደረቅ ማዳበሪያም ይበተን ነበር። አመክንዮው ግልጽ ነው፦ ዘይት ካርቦን እንጂ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበቂ የለውም፤ ባክቴሪያ ደግሞ ሰውነቱን ሠርቶ ለመባዛት ሁለቱንም ይሻል። ከወራት ክትትል በኋላ ማዳበሪያ በተበተነባቸው ዳርቻዎች የዘይቱ መፍረስ ካልተበተነባቸው ይልቅ መፍጠኑ ታየ፤ ሥራውን የሠሩትም ማንም ከውጭ ያላመጣቸው የአላስካ ባክቴሪያዎች ነበሩ። ሆኖም ይህ ስኬት በድንጋዮቹ ገጽና ማዕበል በሚደርስበት ልል ጠጠር ውስጥ የታየ እንደነበረ፣ በጠጠሩ ሥር ያለው ታሪክ ግን የተለየ እንደሆነ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

ያለ ኦክስጅን መኖር

ሕይወት ያለ አየር ሊቀጥል እንደሚችል ከሉዊ ፓስተር ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ ነዳጅን በተመለከተ ተጠራጣሪዎቹ ጠንካራ መከራከሪያ ነበራቸው። ጠላ በተከደነ ጋን ውስጥ የሚፈላው የእህሉ ስኳር በራሱ ውስጥ ኦክስጅን ስላለው እርሾው የውጭ ኦክስጅን ሳያስፈልገው ሊቆራርሰው በመቻሉ ነው፤ ሃይድሮካርቦን ግን ቅንጣት ኦክስጅን የለውም፤ ስለዚህም መነሻ መያዣ አይሰጥም። በተለያዩ ጊዜያት ያለ ኦክስጅን የነዳጅ መፍረስ ታየ የሚሉ ዘገባዎች ቢወጡም፣ በሙከራው ዕቃ ውስጥ አየር ሾልኮ አለመግባቱን አጥጋቢ በሆነ መንገድ ማረጋገጥ ባለመቻሉ አብዛኞቹ ተቀባይነት አላገኙም።

ጥርጣሬው የተሰበረው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዴሪክ ላቭሊና ባልደረቦቹ በ1989 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በአፈር ውስጥ በዝገት መልክ የሚገኘውን ብረት ኤሌክትሮን ተቀባይ በማድረግ አሮማቲክ ውሁዶች ሊፈርሱ እንደሚችሉ አሳዩ፤ ይህንን የሚያደርገው፣ ከፖቶማክ ወንዝ ደለል የተገኘውና በኋላ ጂኦባክተር ሜታሊረዱሰንስ የተባለው ባክቴሪያም ቶሉዊንን ያለ ኦክስጅን ሙሉ በሙሉ እንደሚያቃጥል ተረጋገጠ። በ1991 ደግሞ በጀርመን ፍሪድሪሽ ቪድል ከባልደረቦቹ ጋር ሄክሳዴኬን የተባለውን ባለ 16 ካርቦን አልኬን በሰልፌት እየተነፈሰ የሚበላ ባክቴሪያ ለይቶ በማውጣት፣ ባስቲን በ1926 ክፍት የተወውን ጥያቄ መለሰ።

ኦክሲጅኔዝ በሌለበት ሥራው እንዴት ይጀመራል የሚለውም ምላሽ ያገኘው ብዙ ሳይቆይ ነው። በ1996 ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ታወራ አሮማቲካ በተባለ ባክቴሪያ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ባክቴሪያው ቶሉዊንን ፉማሬት ከሚባል፣ በራሱ ሴል ውስጥ ከሚገኝ ኦክስጅን አዘል ውሁድ ጋር በማጣበቅ እንደሚጀምር አሳዩ። ተጠራጣሪዎቹ በሃይድሮካርቦኑ ላይ ያጡትን መያዣ ባክቴሪያው ከራሱ ጓዳ አውጥቶ ይለጥፍበታል ማለት ነው። ተመሳሳይ ስልት በኋላ በአልኬን በሎች ዘንድም ስለተገኘ፣ ልዩ አጋጣሚ ሳይሆን በስፋት የሚሠራበት መንገድ መሆኑ ታወቀ።

የመጨረሻው እርምጃ የተወሰደው በ1999 ነው። ካርስተን ሴንግለርና ባልደረቦቹ፣ ቪድልን ጨምሮ፣ ኦክስጅንም ናይትሬትም ሰልፌትም ብረትም በሌለበት ሄክሳዴኬን ወደ ሚቴን እንደሚለወጥ በኔቸር አስታወቁ። በዚህ ሂደት ሥራው ለብዙ ወገን ይከፋፈላል፦ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዘይቱን ቆራርሰው አሴቴት የተባለ ጨውና ሃይድሮጅን ያወጣሉ፤ አርኬያ የሚባሉት ከባክቴሪያ የተለዩ ተሕዋስያን ደግሞ እነዚህን ተቀብለው ሚቴን ያደርጓቸዋል። ሃይድሮጅኑ በፍጥነት ካልተነሣ የመጀመሪያዎቹ ሥራ ለእነርሱ ኃይል የማያስገኝ ስለሚሆን ይቆማል፤ አንደኛው ወገን ያለ ሌላው አይኖርም። የሚገኘው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነም ሂደቱ ከሳምንታት ይልቅ በዓመታት የሚለካ ነው።

የቤሚጂ አሸዋ

እነዚህ ሁሉ የአተነፋፈስ ዓይነቶች በአንድ ስፍራ፣ በተራ ተሰልፈው የተጠኑት በሰሜናዊቷ የአሜሪካ ግዛት በሚኒሶታ፣ ቤሚጂ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ነው። ነሐሴ 20 ቀን 1979 ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ረጨ። አብዛኛው በፓምፕ ቢነሣ፣ ቢቃጠልና ከአፈሩ ጋር ተቆፍሮ ቢወሰድም፣ ወደ 400,000 ሊትር የሚጠጋው የበረዶ ዘመን ወንዞች በተዉት ልል አሸዋ ውስጥ ሰርጎ፣ ከመሬት ገጽ ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ብሎ በከርሰ ምድር ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ1983 ጀምሮ ስፍራውን የረጅም ጊዜ የምርምር ጣቢያ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ከብዙ የመመልከቻ ጉድጓዶች ውሃ፣ ጋዝና አሸዋ እየተቀዳ ይመረመራል።

ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚደረገው መለኪያ የኦክስጅንን ታሪክ በመሬት ላይ ተነጥፎ ያሳያል። ዘይቱ ከሚገኝበት ስፍራ በላይኛው አቅጣጫ ያለው ንጹሕ ውሃ ኦክስጅን አዘል ነው፤ ወደ ዘይቱ ሲቀርብ ኦክስጅኑ ይወርዳል፤ በዘይቱ ሥር ያለ ቅሪት ይጠፋል። ኦክስጅን ካለቀ በኋላ ባክቴሪያዎቹ ወደ ማንጋኒዙና በእያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ላይ ተለብጦ ወደነበረው ዝገት ዞረዋል፤ ጠጣር የነበሩት ማንጋኒዝና ብረት ኤሌክትሮን ሲቀበሉ ስለሚሟሙ በውሃው ውስጥ መጠናቸው ከፍ ብሎ ይታያል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ፣ ዝገቱ እየተሟጠጠ በሄደበት በዘይቱ መካከል፣ ሚቴን እየጨመረ መጣ። ከዘይቱ ራቅ ብሎ በታችኛው አቅጣጫ፣ የተበከለው ውሃ ከንጹሑ ጋር በሚደባለቅበት ጠርዝ፣ ኦክስጅን እንደገና ይገኛል፤ ከኦክስጅን አልባው ክልል ያመለጡት ውሁዶችም እዚያ በፍጥነት ይፈርሳሉ። ላቭሊ የ1989ኙን የብረት ጥናት ያደረገው ከዚሁ ስፍራ በተወሰደ ደለል ጭምር መሆኑ የቤተ ሙከራውና የመስኩ ታሪክ የተገናኙበትን ነጥብ ያመለክታል።

ሥርጭቱ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ነው። ከዘይቱ የሚወጣው ሚቴን በደረቁ አሸዋ ክፍተቶች በኩል ወደ መሬት ገጽ ሲወጣ፣ ከላይ ወደ ታች ከሚገባው አየር ጋር በሚገናኝበት ንጣፍ ሶንገን በ1906 የገለጻቸው ዓይነት ሚቴን በል ባክቴሪያዎች ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ተሕዋስያኑ የሚያመነጩት ሙቀትም ሳይቀር ተለክቷል፤ በዘይቱ ዙሪያ ያለው አሸዋ ከአካባቢው አፈር ሞቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

የቤሚጂ ጥናት ካስጨበጣቸው ፍሬ ነገሮች የመጀመሪያው፣ በከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ የሟሟው ብክለት ከውሃው ፍጥነት እኩል አለመስፋፋቱ ነው። ባክቴሪያዎቹ በመንገዱ ላይ ስለሚያፈርሱት፣ ብክለቱ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ የተጓዘው ውሃው ራሱ ከተጓዘው ያነሰ ሆኗል። ሁለተኛው ፍሬ ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ዝገት የሚታደስ ሀብት አይደለም፤ በአንድ ስፍራ ሲያልቅ የብረት መተንፈሻው ክልል ወደፊት ይገፋል፤ ቤንዝን የመሰሉ ጎጂ ውሁዶችም አብረው ይርቃሉ። ከዚህም በላይ፣ በዝገቱ ላይ ተጣብቆ የኖረ የተፈጥሮ አርሴኒክ ዝገቱ ሲሟሟ ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ በቤሚጂም መጠኑ ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው በሊትር 10 ማይክሮ ግራም በላይ ሆኖ ተለክቷል። ባክቴሪያዎቹ አንዱን መርዝ ሲያጠፉ ሌላውን ከታሰረበት ፈትተውታል ማለት ነው።

ከአላስካ ጠጠር እስከ ጥልቁ ባሕር

በቤሚጂ የተገኘው ግንዛቤ የቀደሙ ክስተቶችን እንደገና ለመመርመር አስችሏል። በፕሪንስ ዊልያም ወሽመጥ ከአደጋው 12 ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ የተደረገ ቁፋሮ በአንዳንድ ዳርቻዎች ከጠጠሩ ሥር እምብዛም ያልተለወጠ ዘይት መኖሩን አረጋገጠ። በ2010 ሚሼል ቡፋዴልና ባልደረባው ባወጡት ጥናት ምክንያቱ በዝርዝር ተብራራ፦ የላይኛው የጠጠር ንጣፍ ውሃን በቀላሉ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ሥሩ ያለው ንጣፍ ግን የጠበቀ ስለሆነ፣ ማዕበል በወጣና በገባ ቁጥር ኦክስጅንና ምግብ አዘል ውሃ የሚመላለሰው በላይኛው ብቻ ነው፤ በታችኛው የገባው ዘይት በአንድ ክንድ ጥልቀት ውስጥ ሆኖ እንኳ የሚተነፈስ ነገር በሌለበት ተከትቷል። በ1989 የተበተነው ማዳበሪያ ሊደርስለት ያልቻለውም ለዚህ ነው።

በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተቃራኒው ታየ። ሚያዝያ 20 ቀን 2010 ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የቁፋሮ መድረክ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሲሞቱ፣ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ላይ ያለው ጉድጓድ እስከ ሐምሌ 15 ድረስ ሳይዘጋ ነዳጅና ጋዝ ሲያፈስ ቆየ። ከ1,000 ሜትር በታች በደቃቁ ተበትኖ የተንሳፈፈው ዘይት በ5 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ በሚገኝ ቅዝቃዜ ውስጥ ቢሆንም፣ ቴሪ ሄዘንና ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት እንደዘገቡት ኦሽኖስፒሪላሌስ ከተባለው ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች ተባዝተው ሲያፈርሱት ተገኙ። በጥልቁ ውሃ ኦክስጅን ቢቀንስም ስላላለቀ፣ ዘይቱም በትናንሽ ጠብታዎች ስለተበተነ ሥራቸው ሊቀጥል ችሏል፤ ወደ ወለሉ ወርዶ በኦክስጅን አልባ ደለል ውስጥ የተቀበረው ክፍል ግን እንደ አላስካው ዘግይቷል። ሁለቱን ስፍራዎች የለየው የባክቴሪያ መኖር አለመኖር እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ ሕግና ወደ አሠራር ሲሸጋገር ሁለት ገጽታ ያዘ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ ተፈጥሯዊ መቀነስን በክትትል መቆጣጠር የሚባለውን ዘዴ፣ ማለትም ነባር ባክቴሪያዎች ሥራቸውን መሥራታቸውን በመለኪያ እያረጋገጡ መጠበቅን፣ ከሌሎች የማጽጃ አማራጮች አንዱ አድርጎ ሲቀበል፣ ምንም ሳያደርጉ ከመቀመጥ የተለየ መሆኑን አጥብቆ አስገንዝቧል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ «ተፈጥሮ ታጸዳዋለች» የሚለው አነጋገር እውነት ቢኖረውም፣ የኦክስጅን፣ የናይትሬት፣ የብረት፣ የሰልፌትና የሚቴን መጠን ሳይለካ ሲነገር ለበካዩ መሸሸጊያ ይሆናል። በታሸገ ዕቃ ተሽጦ በብክለት ላይ የሚፈስ ባክቴሪያም ተመሳሳይ ጉድለት አለበት፤ በላተኛው ባልጠፋበት ስፍራ ተጨማሪ በላተኛ ያመጣል እንጂ የጎደለውን እስትንፋስ አይጨምርም።

ከሶንገን እስከ ቤሚጂ ያለው ታሪክ የሚያስተምረው እንግዲህ የጥያቄዎችን ቅደም ተከተል ነው። ነዳጅ በፈሰሰበት ስፍራ መቅደም ያለበት ጥያቄ ዘይቱ ያረፈበት አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ደለል ምን ያህል አየርና ውሃ እንደሚያሳልፍ ነው፤ ቀጥሎ ኦክስጅን ሲያልቅ የሚተካው ተቀባይ ምን እንደሆነና ስንት ዓመት እንደሚበቃ፣ ከዚያም እርሱ ሲያልቅ ከአለቱ ምን እንደሚለቀቅ ሊታወቅ ይገባል። ለእነዚህ ምላሽ ያለው አካል ማዳበሪያ መበተን፣ አየር ማስገባት፣ አፈሩን ቆፍሮ ማንሣት ወይም እየለኩ መጠበቅ የቱ እንደሚሻል ሊመርጥ ይችላል። ምላሽ የሌለው ግን በቤሚጂ ከ40 ዓመታት በላይ ያላለቀውን ዓይነት ሥራ ለባክቴሪያዎቹ ጥሎ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የከርሰ ምድር ውሃውን የሚጠጡት ሰዎች የሚከፍሉትን ዋጋ ከሒሳቡ ውጭ ያደርጋል።